የቅርንጫፍ ሠራተኞችን ሥልጠና ወደ ኦንላይን ለማዛወር ስላይዶቹን በድምፅ ቀርጾ መጫን ይበቃል?

የሥልጠና ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች።

የምሠራው በአንድ የግል ባንክ የሥልጠና ክፍል ውስጥ ነው። የበላይ አመራሩ ከሐምሌ 1 ጀምሮ፣ ማለትም ከአዲሱ በጀት ዓመት መግቢያ አንሥቶ፣ የቴለሮችና የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞች የሥራ ላይ ሥልጠና በአብዛኛው በኦንላይን እንዲሰጥ ወስኗል። የውሳኔው ምክንያት ለማናችንም የተሰወረ አይደለም፤ ሠራተኛን ከጎንደር ወይም ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ማስመጣት አበል፣ ትራንስፖርትና የአዳራሽ ኪራይ ይጠይቃል፤ ከትንሽ ቅርንጫፍ ሁለት ሰው ሲነሣ ደግሞ ቢያንስ አንድ መስኮት ይዘጋል።

በእጃችን ያለው ለአዳራሽ ሥልጠና የተዘጋጀ ወፍራም ፓወርፖይንት ሲሆን፣ ደንበኛን የማወቅ ግዴታን፣ በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የሚከለክለውን አዋጅ፣ የውክልና ሰነድ አመረማመርን፣ የቼክ አከፋፈልንና የደንበኛ አያያዝን ይዟል። የቀረበው ዕቅድ አሠልጣኙ ስላይዶቹን እያነበበ ድምፁ እንዲቀረጽ፣ ቅጂው በሙድል (የኦንላይን ኮርስ ማስተማሪያ ሲስተም) ላይ እንዲጫን፣ በመጨረሻም 20 የምርጫ ጥያቄዎች ቀርበው 80 ከመቶ ያመጣ ሰው የምስክር ወረቀት እንዲወስድ ነው። እኔ ግን ሠራተኛው «ቀጣይ» የሚለውን ቁልፍ እየተጫነ መጨረሻው ላይ ደርሶ፣ የፈተናውን መልስ ከጎረቤቱ ጠይቆ፣ በማግሥቱ መስኮት ላይ ያንኑ ስሕተት ይደግማል የሚል ሥጋት አለኝ። ከየት መጀመር እንዳለብን፣ አንዱ ክፍል ምን ያህል መርዘም እንዳለበትና ሥልጠናው ሥራ ላይ መዋሉን በምን እንደምናውቅ ልምዳችሁን ብታካፍሉኝ ባለውለታችሁ ነኝ።


የትምህርት ንድፍ ባለሙያ፦

ሥጋትዎ ልክ ነው። በእኔ አስተያየት ፓወርፖይንቱን ለጊዜው ወደ ጎን አድርገው መጀመሪያ ወደ ውስጥ ኦዲት ክፍል ይሂዱ። ባለፈው ዓመት ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲደጋገሙ የታዩት የመስኮት ስሕተቶች የትኞቹ እንደሆኑ ጠይቀው ይዘርዝሩ፤ ከዚያም ለእያንዳንዱ ግኝት «ሠራተኛው ይህን ያደረገው ስለማያውቅ ነው፣ እያወቀ ጊዜ አጥሮት ነው፣ ሲስተሙ አላሠራው ብሎ ነው ወይስ አለቃው ክፈል ስላለው ነው?» ብለው ይጠይቁ። ሥልጠና መፍትሔ የሚሆነው ለመጀመሪያው ብቻ ነው። በሒሳብ መክፈቻ ቅጽ ላይ አንድ ክፍት ቦታ ሁልጊዜ ሳይሞላ የሚታለፍ ከሆነ፣ ሲስተሙ ቦታው ሳይሞላ እንዳያሳልፍ ማድረግ ከማንኛውም ኮርስ ይልቅ ርካሽና አስተማማኝ ነው። ከማጣሪያው በኋላ የሚተርፉት ግኝቶች ከፓወርፖይንቱ ርዕሶች በጣም ያነሱ እንደሚሆኑ ከወዲሁ መናገር እችላለሁ፤ ኮርሱ የሚነደፈው በእነዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛው ነገር የጥያቄዎቹ ዓይነት ነው። «ውክልና ማለት ምን ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ ትርጉም የሸመደደን ሰው ይለያል እንጂ ሰነድ መመርመር የሚችልን ሰው አይለይም። በምትኩ የሰነዱን ምስል ስክሪኑ ላይ አስቀምጠው «ባለጉዳዩ ይህን ይዘው 60,000 ብር ሊያወጡ ቀርበዋል፤ ምን ያደርጋሉ?» ይበሉ። ሠልጣኙ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ወኪሉን ከአስተዳደር ሥራ እንደማያሳልፈው ማወቁ የሚፈተነው፣ በሰነዱ ላይ ከባንክ ገንዘብ ማውጣትን የሚጠቅሰውን ሐረግ ሲፈልግና ሲያጣው ነው። የተሳሳተ ምርጫ ሲመርጥ ደግሞ «ተሳስተዋል፣ እንደገና ይሞክሩ» ብሎ መመለስ ምንም አያስተምርም። የሚከተለውን ያሳዩት፦ ገንዘቡ ወጥቷል፣ ባለሒሳቧ ከወር በኋላ ቅሬታ ይዘው መጥተዋል፣ ኦዲተሩ የክፍያ ቫውቸሩን ይጠይቃል፣ በቫውቸሩ ላይ ያለው ፊርማ የሠልጣኙ ነው።

ስላይድን እያነበቡ ስለመቅረጽ ደግሞ አጭር ነገር ልበል። ሪቻርድ ማየር የተባሉት የሥነ ልቦና ምሁር ለረጅም ጊዜ ባካሄዷቸው ሙከራዎች፣ ተራኪው የሚናገረው ቃል በሙሉ ስክሪኑም ላይ ተጽፎ ሲቀርብ ከሥዕልና ከድምፅ ብቻ ይልቅ መማርን እንደሚያዳክም በተደጋጋሚ አሳይተዋል። ዓይን ጽሑፉን ሲከተል ጆሮ ሌላ ፍጥነት ላይ ይሆናል። ስለዚህ የታቀደው ቅጂ አሰልቺ ከመሆኑ በላይ የሚጎዳ ነው ባይ ነኝ።

ርዝመትን በተመለከተ በደቂቃ አልለካም። አንድ ክፍል አንድ ውሳኔ ይያዝ። አንዳንዱ አራት ደቂቃ ይፈጃል፣ ሌላው አሥራ አምስት።


ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፦

ከላይ የተጻፈው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ማናችሁም ሠልጣኙ የት ቁጭ ብሎ እንደሚማር አልነገራችሁንም። በእኔ ቅርንጫፍ ቴለሩ ያለው ኮምፒውተር ኮር ባንኪንጉ (የባንኩ ዋና የሒሳብ ሲስተም) የሚሠራበት አንድ ማሽን ብቻ ነው፤ ኢንተርኔት የተከፈተለት ደግሞ የእኔና የኦፕሬሽን ተቆጣጣሪው ነው። ጆሮ ማዳመጫ የለም። ደመወዝ በሚገባበት ሰሞን፣ በገበያ ቀንና በሰኔ መጨረሻ ሒሳብ ሲዘጋ ማንም ቀና ብሎ አያይም። ዋና መሥሪያ ቤት ግን ብዙውን ጊዜ ኮርሱን የሚልከው በጀት ዓመቱ ሳያልቅ ሪፖርት ለማሟላት ሲል በዚያው በሰኔ ነው።

በዚህ ምክንያት ሠራተኛው ማታ ቤቱ ገብቶ፣ በራሱ ስልክና በራሱ ዳታ እንዲማር ይጠበቃል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ገድቦታል፤ አሠሪው ያዘዘውና ለዕድገት የሚቆጠር ሥልጠና ከዚያ ሰዓት ውጪ በነጻ ሲሠራ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ሕጉ ባይኖርም እንኳ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ ሰው ማታ በ3 ሰዓት ስለ አጠራጣሪ ግብይት ሲያነብ ምን እንደሚቀረው እናንተው ፍረዱ።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ በር ከመከፈቱ በፊት ያለው ጊዜ ይመደብልን፤ በሳምንት አንድ ማለዳ፣ አንድ አጭር ክፍል። ያን ጊዜ ሁሉም ቴለሮች አብረው ስለሚሆኑ ከክፍሉ በኋላ «ይህ እኛ ጋ ደርሶ ያውቃል?» ብዬ መጠየቅ እችላለሁ። ከስክሪኑ ይልቅ ሰው የሚማረው ከዚያች ወሬ ነው ብዬ አምናለሁ። ደግሞም እኔ ራሴ ከሠራተኞቼ በፊት ያን ክፍል ወስጄ ካላየሁት፣ በሥልጠና የተማረውን ሊሠራ ሲሞክር «ተው፣ ደንበኛ አታስከፋ» የምለው እኔው ነኝ።


የሲስተም አስተዳዳሪ፦

በሙድል ላይ ለሚሠሩ ሰዎች ከሥራ ያገኘኋቸውን ጥቂት ነገሮች ላካፍል።

መጀመሪያ የፋይል ክብደት። በሴኮንድ 1.5 ሜጋቢት የሚፈስ ቪዲዮ ለ10 ደቂቃ 112 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። ያንኑ ንግግር በ64 ኪሎቢት ድምፅ ብቻ አድርገን ከጥቂት ቋሚ ምስሎች ጋር ብናቀርበው ድምፁ 5 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። እንቅስቃሴው ራሱ ትምህርት ካልሆነ በቀር፣ ለምሳሌ የብር ኖትን የደኅንነት ምልክት በብርሃን ፊት እያዘነበሉ ማሳየት ካልሆነ፣ ቪዲዮ አያስፈልግም። የሰው ፊት ሲናገር ለማሳየት መቶ ሜጋባይት ማውረድ ለሠራተኛው ኪስ ርኅራኄ ማጣት ነው።

የሙድል የስልክ መተግበሪያ ኮርሱን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለመማር ያስችላል፤ የፈተና ሞጁሉም ይህ አማራጭ አለው። ነገር ግን የሰዓት ገደብ ያለውን ፈተና ያለ ኔትወርክ መሥራት አይቻልም፤ እያንዳንዱን ጥያቄ እንደመለሱ ወዲያው ማብራሪያ የሚሰጠውም አሠራር በዚያ ሁኔታ አይሠራም። ስለዚህ ከላይ የተጠቀሰውን ዓይነት «ምን ያደርጋሉ?» ልምምድ በኤች5ፒ (በሙድል ውስጥ አሳታፊ ልምምድ መሥሪያ መሣሪያ) ሠርተው ቢያወርዱት ወዲያው መልስ ይሰጣል፤ ለመዝገብ የሚፈለገውን ፈተና ብቻ በፈተና ሞጁሉ ያስቀሩት።

ሠልጣኙ በአማርኛ ጽፎ እንዲመልስ የሚያደርግ፣ ሲስተሙ በራሱ የሚያርመው ጥያቄ አይጠቀሙ። አንዱ «ሠራተኛ»፣ ሌላው «ሰራተኛ» ብሎ ይጽፋል፤ «ሒሳብ» በሐመሩ ሐ፣ «ሂሳብ» በሃሌታው ሀ ይመጣል፤ ለሲስተሙ እነዚህ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሁሉንም አማራጭ አስቀድሞ መሙላት ቢቻልም የማያልቅ ሥራ ነው፤ በምርጫ ወይም በማዛመድ ይተኩት። የምስክር ወረቀቱም ላይ የግዕዝ ፊደልን የሚደግፍ ፎንት ካልመረጡ የሠራተኛው ስም በባዶ ሣጥን ተተክቶ ይወጣል።

የመጨረሻው የሰዓት ጉዳይ ነው። ሲስተሙ ላይ «እስከ ሐሙስ 12፡00» ተብሎ የተቀመጠ የማብቂያ ጊዜ ለግማሹ ሰው ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ ሲስተሙ ግን በቀን 6 ሰዓት ይዘጋዋል። ቅሬታው የሚመጣው ዓርብ ጠዋት ነው፤ ያን ጊዜም ማን ዘግይቶ ማን በሰዓት አቆጣጠር እንደተሳሳተ ለመለየት የሚቻል አይሆንም። በኮርሱ መግለጫ ላይ በፊደል «ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት» ብለው ይጻፉ፤ ሲስተሙ ላይ ደግሞ 18፡00 ያድርጉት። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ያስቀምጡ።


የሕግ ተገዥነት ክፍል፦

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እስከ አሁን ያለው ውይይት አንድ ነገር ዘሎታል። በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን በተመለከተ ሠራተኞችን ማሠልጠን የባንኩ ግዴታ ነው፤ ተቆጣጣሪ አካል ሲመጣ የሚጠይቀው ማን፣ መቼ፣ በምን ይዘት ሠለጠነ የሚለውን መዝገብ ነው። «ከኦዲት ግኝት ያልወጣውን ተውት» የሚለው ምክር የአዋጁን ግማሽ ያስቀራል። አንድ ስሕተት ባለፈው ዓመት አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም፤ ምናልባት ያልተገኘው የሚያውቀው ሰው ስለሌለ ይሆናል።


የትምህርት ንድፍ ባለሙያ፦

የመጨረሻው ነጥብዎ ጠንካራ ነው፤ እቀበለዋለሁ። ግኝት ያልታየባቸውን ነገር ግን ከተከሰቱ ከባድ መዘዝ ያላቸውን ጉዳዮች መጨመር ያስፈልጋል። ነገር ግን ሙሉውን አዋጅ ለማስነበብና አዋጁ የሚጠይቀውን ሥራ ለማሠራት አንድ ዓይነት ነገር አንሥራ። አዋጁ፣ መመሪያውና ሰርኩላሩ ተፈልገው የሚገኙበት አንድ የተደራጀ ገጽ ይኑር፤ ሠራተኛው መኖሩን አውቆ፣ ማንበቡን አረጋግጦ ይፈርም። ለተቆጣጣሪው ያ መዝገብ ይቀርባል። የልምምዱ ጊዜ ግን በቃል መታወቅ ላለባቸው፣ ደንበኛ ፊት ቆሞ ሰነድ ለማገላበጥ ጊዜ ለማይሰጡ ነገሮች ይዋል።

ለምሳሌ አጠራጣሪ ግብይት ሪፖርት መደረጉን ለደንበኛው መንገር በአዋጁ የተከለከለ ነው። ይህን ክልከላ በአንድ ስላይድ ማስነበብ ቀላል ነው። ችግሩ ደንበኛው «ለምንድን ነው የምታቆዩኝ?» ብሎ ሲጮኽ ቴለሩ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ነው። ሦስት አማራጭ ዓረፍተ ነገሮች ቢቀርቡለትና ሁለቱ በቅንነት የተነገሩ ግን ምሥጢሩን የሚያወጡ ቢሆኑ፣ ያን ጊዜ በእርግጥ ሠለጠነ እላለሁ።

ስለ ፈተናውም ላክል። መጨረሻ ላይ በአንድ ጊዜ ከሚሰጡ 20 ጥያቄዎች ይልቅ ከፋፍሎ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት መጠየቅ ይሻላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ጽሑፉን ደግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ በቃላቸው ለማስታወስ ከሞከሩት የተሻለ ውጤት አመጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ደግመው ያነበቡት 42 ከመቶ፣ ለማስታወስ የሞከሩት 56 ከመቶ አስታወሱ። ኮርሱ እንዳለቀ ወዲያው የሚሰጥ ፈተና የሚያሳየን ያንን የአምስት ደቂቃውን ውጤት ነው፤ 80 ከመቶ የሚለው ቁጥርም የሚያጽናናን አመራሩን ብቻ ነው።


የጤና ባለሙያ፦

ከሌላ መስክ ብሆንም አንድ ነገር ልጨምር። በጤናው ዘርፍ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ከፈቃድ እድሳት ጋር ተያይዟል። ዓላማው መልካም ሆኖ ሳለ፣ ፈቃድ ማሳደሻው ሲደርስ ባልደረቦቼ ኮርስ የሚመርጡት በክፍላቸው ከሚያጋጥማቸው ችግር ተነሥተው ሳይሆን ነጥቡ ቶሎ የሚያልቀው የትኛው እንደሆነ ተጠያይቀው ሲሆን በተደጋጋሚ አያለሁ። የምስክር ወረቀቱን ከዕድገት ወይም ከጉርሻ ጋር ከማያያዛችሁ በፊት ይህን አስቡበት። ካያያዛችሁት በኋላ መፍታት አስቸጋሪ ነው።


ቴለር፦

እኔ ሠልጣኙ ነኝና የእኔንም ሐሳብ ብትሰሙ። ሥልጠናውን በቴሌግራም ቻናል ብትልኩልን ሁላችንም እናየዋለን። በሙድል የይለፍ ቃሌን በረሳሁ ቁጥር ዋና መሥሪያ ቤት ደውዬ መጠበቅ አለብኝ። በቴሌግራም የሚላክ አጭር ጥያቄ ግን ሻይ እየጠጣሁም እመልሰዋለሁ።


የሕግ ተገዥነት ክፍል፦

ቴሌግራም ለማስታወሻና ለአጭር ጥያቄ ያገለግል ይሆናል። ነገር ግን በጥያቄዎቹ ውስጥ የእውነተኛ ደንበኛ ስም፣ የሒሳብ ቁጥር፣ የመታወቂያ ወይም የውክልና ምስል ፈጽሞ መግባት የለበትም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለሥልጠና የሚሆነው ሰነድ ከመጀመሪያው የተፈጠረ ይሁን፤ እውነተኛውን ሰነድ ስሙን በጥቁር ቀለም ሸፍኖ መጠቀም በቂ አይደለም፤ ፊርማውና የሰነድ ቁጥሩ ይቀራሉ። የባንኩ የውስጥ ገደቦች፣ ማለትም ቴለር ያለ ተቆጣጣሪ ፈቃድ እስከ ስንት ብር እንደሚከፍል የሚያሳዩ መረጃዎችም ከሙድል አይውጡ።


የሲስተም አስተዳዳሪ፦

የይለፍ ቃሉን ቅሬታ ተቀብያለሁ። የሙድል መግቢያን ከሠራተኛው የኢሜይል መግቢያ ጋር ማገናኘት ይቻላል፤ ሁለተኛ የይለፍ ቃል አያስፈልግም።


የሥልጠና ክፍል፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በምክራችሁ መሠረት የኦዲት ሪፖርቶቹን ጠይቄ የውክልና ክፍያ በተደጋጋሚ መነሣቱን ስላገኘሁ፣ የመጀመሪያውን የልምምድ ክፍል እንደሚከተለው ረቂቅ አድርጌዋለሁ፤ ሳትራሩ ተቹት።

«አንድ ጎልማሳ ከሰነዶች ማረጋገጫ የተመዘገበ ውክልና ይዘው ወደ መስኮትዎ ቀርበዋል። ውክልናው ከባንክ ገንዘብ ማውጣትን በግልጽ ይጠቅሳል፤ የወኪሉ መታወቂያም ይመሳከራል። ጎልማሳው፦ ‹እናቴ ትናንት አርፈዋል፤ ለቀብሩና ለድንኳኑ 60,000 ብር ያስፈልገኛል› ይላሉ። ምን ያደርጋሉ? (ሀ) ሰነዱ የተሟላ ስለሆነ እከፍላለሁ። (ለ) ‹እግዚአብሔር ያጽናዎት› ብዬ፣ ወካይዋ በማረፋቸው በውክልናው መክፈል እንደማልችል አስረድቼ፣ ስለ ወራሽነት ማስረጃ እነግራቸዋለሁ፤ ለሥራ አስኪያጄም አሳውቃለሁ። (ሐ) ጥቂት ብር ብቻ ከፍዬ ቀሪውን አቆያለሁ።»


የትምህርት ንድፍ ባለሙያ፦

ሁኔታው በጣም ጥሩ ነው፤ ሰነዱ ሙሉ መሆኑና ልብ የሚነካ ምክንያት መቅረቡ ውሳኔውን እውነተኛ ያደርገዋል። አማራጮቹ ግን መልሱን ያጋልጣሉ። (ለ) ከሌሎቹ በሦስት እጥፍ ይረዝማል፤ ፈተና የለመደ ሰው ጥያቄውን ሳያነብ ይመርጠዋል። በሁለት ደረጃ ይክፈሉት፦ መጀመሪያ «ይከፍላሉ ወይስ አይከፍሉም?»፤ ቀጥሎ «አይከፍሉም» ላለው ሰው ለጎልማሳው ምን ብሎ እንደሚናገር ይምረጥ። (ሐ)ን አይጣሉት፤ ብዙ ደግ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።


ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፦

ንድፉን ለባለሙያው እተዋለሁ፤ ከታሪኩ ግን አንድ ነገር ይስተካከል። ወኪሉ ወካይዋ ማረፋቸውን መስኮት ላይ ቆሞ አይናገርም። ሰነዱን ሰጥቶ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ነው የሚሄደው። እኛ የምንሰማው ከጥበቃችን ነው፤ እሱ የሰፈሩ ዕድርተኛ ስለሆነ «እኚያ ሴት እኮ ከትናንት ወዲያ ቀብረናቸዋል» ይላል። ያን ጊዜ ሰልፉ እስከ በር ነው፣ ሰነዱ ሙሉ ነው፣ አጠገብ ያለው ቴለር ደግሞ «ባለፈው ወር እኔ ለዚሁ ሰው ከፍያለሁ፣ ችግር የለውም» ይላል። ሠራተኞቼ የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው።


የሥልጠና ክፍል፦

ይህ ከእኔ ረቂቅ በብዙ ይሻላል፤ ጥበቃውንም ጎረቤት ቴለሩንም አስገባቸዋለሁ። ነገር ግን ትክክለኛው መልስ ምን ሊሆን ነው? ቴለሩ ከጥበቃ የሰማውን ይዞ ክፍያ መከልከል ይችላል?


የሕግ ተገዥነት ክፍል፦

የሰፈር ወሬ ማስረጃ አይሆንም፤ ለማጣራት ግን በቂ ምክንያት ነው። ቴለሩ በራሱ ሥልጣን «ሞተዋል» ብሎ አይከለክልም፣ ሰምቶ እንዳልሰማም አይከፍልም። ሰነዱን ይዞ ለሥራ አስኪያጁ ያቀርባል፤ ሥራ አስኪያጁ ወኪሉን ለብቻ ጠርቶ ወካይዋ በሕይወት መኖራቸውን በቀጥታ ይጠይቃል፣ በሒሳቡ ላይ በተመዘገበው ስልክም ይደውላል። ማረፋቸው ከተረጋገጠ ውክልናው በመርህ ደረጃ ቀሪ ስለሚሆን ክፍያው ይቆማል፤ ወራሾች ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ እንዲያመጡ ይነገራቸዋል። ማረጋገጥ ካልተቻለ ጉዳዩ በጽሑፍ ወደ እኛ ክፍል ይመራል፤ ወኪሉም የሚጠብቅበት ምክንያት በትሕትና ይገለጽለታል። ጎረቤት ቴለሩ ባለፈው ወር ከፍሎ ከሆነ ደግሞ ያ ክፍያ ከዕለተ ሞቱ በፊት ይሁን በኋላ መታየት ስላለበት፣ በልምምዱ መጨረሻ ያንን ቀን የሚጠይቅ አንድ ጥያቄ ያክሉበት። የመጨረሻውን ረቂቅ ከመጫንዎ በፊት ይላኩልኝ፤ የሕግ ክፍሉን አስተያየት አስጨምሬ እመልስልዎታለሁ።


ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፦

ለሙከራ ቅርንጫፍ ከፈለጋችሁ የእኛን ውሰዱ፤ ሰኔን ብቻ አሳልፉልን።